ለአዴ ጫልቱ ባትሪ ይዘን፦ ከጌዶ እስከ ወንጪ

መተሐራ ያሉት እህቶቼ «ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ለምን ወዲያው አልመጣህም?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። በስልክ ጀምሬ ከማቋርጠው በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ። የምተርክበትን አገር አይታችሁት ስለማታውቁ በየቦታው ከእኛ አገር ጋር እያስተያየሁ እሄዳለሁ። ባጭሩ የዘገየሁት አንድ ባትሪ ይዤ አምስት ቀን ስለዞርኩ ነው።

ባትሪ ስል የእጅ ባትሪውን ማለቴ ነው፤ ውስጡ የሚገባውን ድንጋይ አይደለም። አምቦ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ በቴሌግራም የሚገናኙ የባትሪ ወዳጆች አግኝቻለሁ፦ የስልክና የሬዲዮ ጠጋኞች፣ ሹፌሮች፣ አንድ ባለ ቶርኖ፣ እንጭኒ ያለ አንድ ባለ ሱቅ፣ እንደ እኔ ያሉ መምህራን። ከተበላሸ ላፕቶፕ ሴል እናወጣለን፤ ከባጃጅ የፊት መብራት አንጸባራቂውን እንነቅላለን፤ ገበያ ላይ የማይገኝ ኃይለኛ ባትሪ ሠርተን ማን ሩቅ እንዳበራ እንፎካከራለን። አንድ ሕግ አለን። በፈተና ሰዓት ሠሪው አይናገርም። ባትሪው ለሚጠቀምበት ሰው ይሰጣል፤ ሠሪው አጠገቡ ቆሞ ያያል፤ በቃ። ማስረዳት ካስፈለገ ባትሪው ገና አላለቀም ማለት ነው። እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ሕግ ምን ያህል እንደሚከብድ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የአሁኑ ባትሪ ግን ለፉክክር አልነበረም። ጌዶ ያለው ጓደኛችን ገመቹ ወንጪ ሐይቅ ዳር የምትኖር አክስት አለችው፤ አዴ ጫልቱ ይባላሉ። ፈረስ አላቸው። መኪና በማይደርስበት በሐይቁ ወዲያኛው በኩል ሰው ሲታመም በፈረስ ጭነው፣ ገደሉን አውጥተው፣ ጤና ጣቢያ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ከመሸ በኋላ ታማሚ ጭነው ሲወጡ ዳማ የሚሉት ፈረሳቸው ተንሸራቶ ገደል ገባ። ታማሚው ቁጥቋጦ ይዞ ተረፈ፤ ፈረሱ ሞተ። አዴ ጫልቱ ሌላ ፈረስ ቢገዙም «ፀሐይ ከገባች አልወጣም» አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ማታ የታመመ ሰው እስኪነጋ ይጠብቃል። ገመቹ ይህን ሲነግረን ሁላችንም የየድርሻችንን አዋጣን፤ ሠሪው እኔ እንድሆን ተወሰነ።

ማክሰኞ

ጠዋት በመጀመሪያ ወደ ጋሽ ታደሰ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። የባትሪውን የአሉሚኒየም አካል የሠሩልን እሳቸው ናቸው። ሙቀት እንዲያስወጣ ዙሪያውን እንደ ብሎን ጥርስ አድርገው ቆርጠውታል። እኔ ደግሞ አምሮ እንዲታይ ቤቴ ወስጄ ሁለት ጊዜ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ጋሽ ታደሰ እያገላበጡ አዩት። ከዚያ «ሙሽራ አስመሰልከው» ብለው መለሱልኝ። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ከአምቦ መናኸሪያ የጌዶን ሚኒባስ ያዝኩ። የእኛ አገር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፤ ሸንኮራው፣ አሸዋው፣ ከሩቅ የሚመጣው መኪና ሁሉ። እዚህ ግን መንገዱ ጉደርን ካለፈ በኋላ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የምታዩት ሲደርስባችሁ ብቻ ነው። የሰኔ ዝናብ መሬቱን ጥቁር አድርጎታል፤ በየማሳው ሰው በሬ ጠምዷል።

አንድ ቦታ ላይ ከኋላ አንዲት ሴት «ጭስ! ጭስ!» ብለው ጮኹ። ጭሱ ከእኔ ቦርሳ ነው! ባትሪው በዕቃ ተጫጭኖ ራሱን አብርቶ፣ ውስጥ ለውስጥ ንጹሑን ሸሚዜን አቃጥሎታል። ይህን ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ የእኛ ባትሪ ከመስታወቱ አጠገብ ያለ ጨርቅ በደቂቃዎች ውስጥ ያነዳል፤ ስለዚህ ጉዞ ሲሆን የኋላ ክዳኑ ግማሽ ዙር መላላት አለበት። ሕጉን ለሁሉ የምነግረው እኔ ነኝ፤ የረሳሁትም እኔ ነኝ። ለማጥፋት ስጣደፍ ጣቴን አቃጠልኩ።

ሴትዮዋ ቅቤ በቅል ይዘው ቦርሳዬ ላይ አስደግፈውት ኖሯል። ከፈት አድርገው አዩት።

«አቀለጥክልኝ እኮ!» አሉ። ደንግጬ ይቅርታ ስጠይቅ ሳቁና ከቀለጠው በጣታቸው ጨልፈው እጄን ያዙ።

«ጾመኛ ነኝ፣ እማማ።»

«ጣት አይጾምም» ብለው ቀቡኝ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ሾፌሩም እስከ ጌዶ ድረስ በየመቆሚያው «ባለ ቅቤው ጣት፣ ይመችሃል?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሴትዮዋ የወረዱት ጌዶ ሳይደርሱ በመሆኑ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ጣቴ ግን በማግሥቱ ድኗል።

ማታ የተኛሁት ገመቹ ቤት ነው። እናቱ ለእንግዳ ብለው ጭኮ አሰናድተዋል። ጭኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ የሚቀርብ ነው። የሐዋርያትን ጾም እንደያዝኩ ሲሰሙ ምንም ሳይናገሩ ተነስተው፣ አዲስ ዱቄት አምጥተው፣ በኑግ ዘይት እንደገና አሹልኝ። የበላሁት ከልክ በላይ ነው።

ረቡዕ

ገመቹ ስልክ የሚጠግነው ከመንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲያስተናግድ ዋልኩበት። ባትሪውን የምንሞክረው የከብት ገበያው ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ እንደገባች ነው። ኃይለኛ ብርሃን አገር ሊያስደነግጥ ስለሚችል ጠዋቱኑ ለቀበሌው ነግረናል።

ሰዓቱ ሲደርስ ባትሪውን ለገመቹ ሰጥቼ አፌን ዘጋሁ። አበራው። ብርሃኑ ሜዳውን አቋርጦ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ከማዶ ያለ የባሕር ዛፍ ላይ ቅጠል በቅጠል አረፈ። ገመቹ «ያ ነጭ ነገር ላም ነው ወይስ ድንጋይ?» አለ፤ ላሟ ራሷን ስታዞር ሁላችንም አየን። መተሐራ ቢሆን ይህን ያህል ርቀት ማንም አይገርመውም፤ አገሩ ለጥ ያለ ነው። ሸለቆ ተሻግሮ ሲሆን ግን ሰው ልቡ ይዘላል። እኔ በደስታ ልናገር አፌን ስከፍት ገመቹ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሚሊሻዎች እየሮጡ መጡ።

«ምንድን ነው የምታደርጉት? ከማዶ ደውለው መኪና ከሰማይ እየወረደብን ነው አሉ!»

«ለቀበሌ ነግረናል» አለ ገመቹ።

«ለእኛ ቀበሌ ነው የነገርከው። ላሟ የማን ቀበሌ ናት?»

አንደኛው ሚሊሻ ግን ባትሪውን አይቶ ሊሄድ አልቻለም። «እስቲ» ብሎ ተቀበለ፤ አበራ፤ ትንሽ እንደቆየም «ወይኔ!» ብሎ ሊጥለው ሲል ገመቹ ቀለበው። ብረቱ እጅ የማያስነካ ሆኗል።

ሱቁ ተመልሰን ገመቹ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረገው። «ይሄን ወፍራም ቀለም ማን ነው የቀባው?» ዝም አልኩ። ፈተና ላይ ነን። «ዝም ብትልም ጥፍርህ ጥቁር ነው፣ መምህር።»

ለማታውቁት፦ ብረት ሙቀቱን ለአየር የሚሰጠው ከአየር ጋር ሲነካካ ነው፤ ወፍራም ቀለም እንደ ጋቢ ሆኖ ያፍነዋል። እኔ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጋሽ ታደሰ «ሙሽራ አስመሰልከው» ያሉኝም ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እስኪደክመን ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። ስናበራው እጅ የሚችለው ሙቀት ብቻ ቀረ።

«ነገ እኔም እመጣለሁ» አለ ገመቹ። «ብቻህን ከሄድክ አዳዳዬን ታስተምራታለህ።» አዳዳ የአባት እህት ናት።

ሐሙስ

ወደ አምቦ ተመልሰን የወንጪን መኪና ያዝን። ይህ መንገድ ወደ ደቡብ ሽቅብ ነው። በእያንዳንዱ ኩርባ ብርዱ አንድ ልብስ ይጨምርባችኋል። እኛ አገር በሰኔ ከቤት ወጥተን ነው የምንተኛው፤ እኔ እዚህ በቀን ሁለት ሹራብ ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ሁላችንም ወርደን ገፋን። አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረና አንድ የማላውቃቸው ገበሬ እስከ ክንዳቸው ገብተው አወጡልኝ። ሲሰጡኝ «ባለቤቱ ይኸውና» አሉት ለጫማው።

ወንጪ ተራራ አናቱ ጎድጉዶ ሐይቅ የያዘ ነው። ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ሐይቁ እንደ ሳሕን ውስጥ ውኃ ነው። የእኛ በሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ነው፤ ከብት እንኳ አይወደውም፤ ይህኛውን ግን ሰው ይጠጣል፤ ዙሪያው እንሰትና ገብስ ነው። ወደ ታች የምትወስደው መንገድ ለአንድ ፈረስ ብቻ የምትበቃ ቀጭን ናት፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። ስንወርድ ገመቹ በእጁ አንድ ጠባብ ኩርባ አሳየኝ። «ዳማ እዚህ ነው የወደቀው።»

አዴ ጫልቱ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ረዘም ያሉ፣ ቦቲ የተጫሙ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው። «አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ!» ብለው ተቀበሉኝ፤ ባርሲሳ መምህር ማለት ነው። ባለቤታቸው ኦቦ ቶለራ ጭቃ የለበሰ ጫማዬን ከእግሬ ላይ ተቀብለው አጠቡልኝ። አይሆንም ብል አልሰሙኝም።

ሲመሽ ወደ መንገዱ ወጣን። አዴ ጫልቱ ባትሪውን በአንድ እጅ፣ የቦራን ልጓም በሌላው ያዙ፤ ቦራ አዲሷ ፈረስ ናት። በዚያ ሰዓት ከሐይቁ ጉም ተነሥቷል። መተሐራ ጉም የለም፤ ስለዚህ ሳስበው እንኳ አላውቅም ነበር። አበሩት።

ነጭ ግድግዳ ቆመ። ሸለቆ ያቋረጠው ብርሃን አንድ ክንድ እንኳ ሳይሄድ ወደ እኛው ተመልሶ ዓይናችንን አጠፋው። ቦራ አንገቷን ሰብቃ ወደ ኋላ ሸሸች። አዴ ጫልቱ አጠፉት።

«ገመቹ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ግድግዳ ነው ያመጣችሁልኝ። ገደሉስ እዚያው ነበር።»

ምክንያቱን አሁን ላስረዳችሁ እችላለሁ። ጉም ጥቃቅን የውኃ ጠብታ ነው፤ ብርሃኑ በጠነከረና ከዓይን አጠገብ በተነሣ ቁጥር ጠብታው መልሶ ወደ ዓይን ይረጨዋል። እኛ ርቀትን ስናሳድድ የሠራነው ለጉም የማይሆነውን ነው። ያኔ ግን መናገር አይፈቀድልኝም ነበር። አፌን ልከፍት ስል ገመቹ እግሬን ረገጠኝ። ደግሞም ምን እላለሁ? አዴ ጫልቱ በጨለማ ፈረሷን እየሳቡ ወደ ቤት ተመለሱ፤ እኛ የቦራን ኮቴ እየሰማን ተከተልን።

ቆጮ በጎመን ቀረበ፤ ማርም ነበር። አንድም የቅሬታ ቃል አልወጣቸውም። «ብላ፣ ባርሲሳ፣ ብርዱ ይጎዳሃል» ብቻ ነበር። እኔ ግን ያ ሁሉ ሰው ያዋጣበትን ነገር ይዤ መጥቼ፣ እነዚያ ማታ የሚታመሙ ሰዎች ባሉበት ቀሩ እያልኩ ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

ዓርብ

ጠዋት ገመቹ ለእኔ ያልተፈቀደውን ጠየቀልኝ። «አዳዳ፣ በፊት በምን ነበር የምትወጪው?»

«በፋኖስ።»

«እስቲ አሳይን።»

አሮጌ ፋኖሳቸውን አወጡ። በቀን ብርሃን፣ ቦራን ከኋላ አስከትለው፣ ደጃቸው ላይ ሄደው አሳዩን። ፋኖሱን እንደ ሰው ወደ ፊት አላነሡትም። ከጉልበታቸው በታች፣ ቀሚሳቸው ከፊት እየከለለው፣ ወደ ኋላ ነው የያዙት።

«እኔ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል» አሉ። «ብርሃኑ ለእኔ አይደለም፣ ለፈረሱ ነው። ፈረስ ተረከዜንና የምረግጥበትን ካየ ይመጣል። ከዚያ በላይ ምን ያደርግለታል?»

«ታዲያ ዳማ ለምን ወደቀ?»

ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ነፋስ ፋኖሱን አጠፋብኝ። ኩርባው ላይ።»

እኔና ገመቹ ተያየን። እኚህ ሴት ለካ የሚያስፈልጋቸው ነፋስ የማያጠፋው ፋኖስ ነው፤ እኛ ያመጣንላቸው ከማዶ ላም የሚቆጥር ነገር ነው። እስከዛሬ ማናችንም «ስንት እርምጃ ይበቃሃል?» ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ቀኑን ሙሉ ሠራን። ኦቦ ቶለራ ከተሰነጠቀ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ላይ ክብ ቆርጠው ሰጡን፤ መስታወቱ ላይ ገጠምነው። ብርሃኑ ሰፋ፣ ለዘበ፣ ቢጫም ሆነ። ከዚያ ኃይሉን ቀነስነው። መበየጃ አልነበረንምና ምስማር በፍም አግለን ሽቦውን በየድነው፤ ሁለቴ ተላቀቀ፣ ሦስተኛው ያዘ። የያዝኩትን ኩራት በሙሉ ከአምስት እጅ ወደ አንድ እጅ አወረድነው ማለት ነው፤ በምትኩ አንድ ቻርጅ ብዙ ማታ የሚቆይ ሆነ። በመጨረሻም በኮርቻ ጠፍር ከአዴ ጫልቱ ጉልበት በታች፣ ወደ ኋላ እንዲያበራ አሰርነው።

ታማሚ የሌለበት ፈረስ ይዘው ይሞክሩታል ብዬ ሳስብ አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ውጣ።»

«የት?»

«ፈረሷ ላይ። እኛ ዘንድ ኮርቻ ሠሪ አዲስ ኮርቻ ሲያመጣ ራሱ ተቀምጦበት ገደሉን ይወጣል። ካልወጣ ማንም አይወስደውም። ይህም እንደዚያው ነው።»

ገመቹ «ፈረስ ጋልበህ ታውቃለህ?» አለኝ እየሳቀ።

«መተሐራ ግመል ነው ያለው።»

«ግመል ጋልበህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

እንደ ታማሚ በጋቢ ጠቅልለው አስቀመጡኝ። ፀሐይ ገብታ ነበር፤ ጉሙም ከትናንቱ የወፈረ ነው። ገመቹ ከታች ቀረ፤ መንገዷ ከፈረሷ ጎን ሰው አታስሄድም።

የነበርኩበትን ሁኔታ እንደነበረ ልጻፈው። ፊት ለፊት ምንም አላይም። ግራ ምንም የለም፤ አየሩ ብቻ ይቀዘቅዛል። የሚታየኝ ከቦራ ጆሮዎች በታች አንድ ቢጫ ክብ፣ በክቡ መሐል የሁለት ቦቲ ተረከዝ፣ ዙሪያቸውን እርጥብ ድንጋይ ነው። ሦስት እርምጃ ያህል መሬት፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም የለም። ቦራ ዓይኗን ከተረከዙ ላይ አልነቀለችም። ተረከዙ ሲነሣ እግሯን ታነሣለች፤ ተረከዙ የረገጠበትን ትረግጣለች። እኔም ትንፋሼን ከእነሱ ጋር ማውጣት ጀመርኩ።

ኩርባው ላይ ስንደርስ ነፋስ መጣ። ጋቢዬን ገልቦ ፊቴ ላይ መታኝ። ተረከዞቹ ቆሙ። ቦራ ቆመች። አዴ ጫልቱ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸው ሥር ያለውን ብርሃን አዩት። ነፋሱ ቀሚሳቸውን ያራግባል፤ ክቡ ግን መሬት ላይ እንዳለ ነው። አይናወጥም። ለረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ሕጉ ባይኖር እንኳ በዚያ ሰዓት መናገር አልችልም ነበር።

«ኮቱ» አሏት ለፈረሷ። ነይ ማለት ነው። ሄድን።

ጠርዙ ላይ ስንደርስ አዴ ጫልቱ ደግፈው አወረዱኝ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ወዲያኛው በኩል ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። የምሰማው የእሳቸውን ብቻ ነበር።

«ጫልቱ ነኝ። . . . ከላይ ነኝ፤ አሁን ወጣሁ። . . . አዎ፣ በዚሁ ጉም። . . . አይ፣ ታማሚ የለም፣ መምህር ነው የጫንኩት። . . . ደህና ነው፣ ትንሽ ገርጥቷል። . . . ስሚ፣ ለሰዉ ንገሪ። ከመሸም ይጥሩኝ።»

ስንወርድ እኔ በእግሬ ነበርኩ። ቤት ስንገባ ኦቦ ቶለራ የአዴ ጫልቱን ፊት አይተው ማሩን አወጡ። ገመቹ ለቡድኑ ሲጽፍ የርቀቱ ቦታ ላይ «ሦስት እርምጃ» ብሎ ሞላ። ከእንጭኒው ባለ ሱቅ «ዜሮዎቹን ረስታችኋል» የሚል መጣ። «አልረሳንም» ብሎ መለሰና ነገሩን ከሥሩ ጻፈላቸው። ያን ማታ የበላሁትን ቆጮ መጠን አልናገርም።

ቅዳሜ

እንቅልፍ ከብዶኝ አርፍጄ ተነሣሁ። አዴ ጫልቱ ቤት አልነበሩም። «ሌሊት ጠሯት» አሉ ኦቦ ቶለራ፤ ቁርስ እያቀረቡልኝ። ከዚያ በላይ የሚያውቁት አልነበረም፤ ዓይናቸውም በር በሩን ያያል። ልጠብቅ ብልም መኪና ያመልጥሃል ብለው ማር በፕላስቲክ ቋጥረው ሸኙኝ። ገመቹ ከአዳዳው ጋር ሊሰነብት ቀረ።

በቀን ብርሃን ብቻዬን ወጣሁ። ጉሙ ለቋል፤ ሐይቁ ከታች ይታያል። እነሱ በጨለማ ሰው ጭነው በወጡበት መንገድ ላይ እኔ ማር ብቻ ይዤ አራት ጊዜ አረፍኩ። እግረ መንገዴን ምን ሆነው ይሆን እያልኩ ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው አሻግሬ አያለሁ።

ከጠርዙ ብዙ ሳልርቅ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። አዴ ጫልቱ ቦራን እየሳቡ ቁልቁል መጡ። ኮርቻው ባዶ ነው፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኗል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ማን ነበር?» አልኩ፤ ሰላምታም ረስቼ።

«ከወዲያ ያሉ ሽማግሌ። ሽንት ከልክሏቸው ሲጮኹ አምሽተው ነበር።»

«አሁንስ?»

«ጤና ጣቢያ ገላገሏቸው። ሻይ እየጠጡ ይሳደባሉ፤ ፈረሷ አንገላታችኝ እያሉ።» ሊስቁ ብለው አዛጉ። ከዚያ ልጓሙን አሳጠሩ። «ግድግዳውን ያዝ፣ ባርሲሳ። ቦራ ደክማለች፣ አታስቁማት።»

ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አሳለፍኳቸው።